የኦሞ ወንዝ ሙላትና የዳሰነች ሕዝብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ዳሰነች አብዛኛው ሰው የሚሰማው በሁለት አጋጣሚ ነው፤ ወይ ጎብኚ ፎቶ ሲያነሳ፣ ወይ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ መንደር ሲውጥ። በመካከሉ ያለው ታሪክ ስለማይነገር ጎርፉ በየጊዜው እንደ አዲስ ዱብ ዕዳ ይወራል። በዚህ ገጽ የቀረቡት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቅን ናቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ወቀሳ ያዘሉ።

ዳሰነች የት ነው? ሕዝቡስ በምን ይተዳደራል?

ዳሰነች በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በደቡብ ኦሞ ዞን፣ ከኬንያ ጋር የሚዋሰን ወረዳ ነው። ዋና ከተማው በኦሞ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ኦሞራቴ ናት። ቀድሞ ከጎረቤቱ ኛንጋቶም ጋር በአንድነት ኩራዝ ወረዳ ይባል ነበር፤ በቆዩ መጻሕፍት ደግሞ ሕዝቡ «ገለብ» በሚል ስም ይጠራል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዳሰነች ብሔረሰብ ቁጥር 48 ሺሕ ገደማ ነበር። ሕዝቡ ከብት፣ ፍየልና በግ ያረባል፤ ወንዙ ሲፈቅድለት ማሽላና በቆሎ ይዘራል፤ ሌላው ሲጠፋ ደግሞ ዓሣ ያጠምዳል። እነዚህ ሦስቱም በኦሞ ውኃ ላይ የቆሙ ናቸው።

አካባቢው በረሃ ነው ይባላል። ታዲያ ጎርፉ ከየት ይመጣል?

ከላይ ነው የሚመጣው። ኦሞራቴ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 350 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ወንዙ የሚነሳበት የጅማና የአካባቢው ደጋ ግን ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይዘንብበታል። የኦሞ ጊቤ ተፋሰስ 79 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጊቤ፣ ጎጀብና ሌሎቹም ገባሮች ክረምቱን ሙሉ የሰበሰቡትን ወደ አንድ ወንዝ ይሰጣሉ፤ ያ ወንዝ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተንደርድሮ ከባሕር ጠለል በላይ 360 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚገኘው የቱርካና ሐይቅ ይወርዳል።

ዳሰነች ያለው እዚያ መጨረሻው ላይ ነው። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ የወንዙ ውኃ ከዳርቻው ትንሽ ከፍ ሲል እንኳን በስፋት ይተኛል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ መንደር በውኃ ሊከበብ ይችላል ማለት ነው። የከተማ ሰው «ጎርፍ» ሲባል የሚያስበው ዝናብ ያወረደውን፣ ድንጋይ እያንከባለለ የሚያልፈውን ነው። የኦሞ ግን ሙላት ነው፤ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ይተኛል፣ ይቆያል።

ጎርፉ ለሕዝቡ ጥቅም ነበረው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የቀረውን ታሪክ ሊረዳ አይችልም። ለብዙ ትውልድ ዳሰነች ጎርፍን የሚፈራ ሳይሆን የሚጠብቅ ሕዝብ ነበር። ወንዙ በነሐሴና በመስከረም ይሞላል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ይሸሻል። ሲሸሽ በዳርቻው ጥቁር፣ እርጥብ፣ ከደጋ ተጠርጎ የመጣ ደለል ይተዋል። በሞፈርና በቀንበር ማረስ አያስፈልግም። ገበሬው በሾለ እንጨት መሬቱን ይወጋል፣ ጥቂት የማሽላ ፍሬ ይጥላል፣ በእግሩ አፈር ይመልስበትና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ባይዘንብም ሰብሉ በደለሉ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይደርሳል። የጣና ዳር ገበሬ ውኃው ሲሸሽ የሚያርሰውን መሬት የሚያውቅ ሰው ይህ አሠራር አይጠፋውም።

ከእርሻው ሌላ ደግሞ ግጦሽ አለ። ውኃ የተኛበት ሜዳ በበጋ ሳር ያበቅላል፤ በዙሪያው ያለው ምድር ሲደርቅ ከብቶቹ ወደዚያ ይወርዳሉ። ዓሣውም ቢሆን የሚራባው ሙላቱ በሚፈጥራቸው ጥልቀት የሌላቸው ውኃዎች ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ሙላት የታየበት ዓመት የረሃብ ዓመት ነበር። ጥሩ ሙላት ማለት በልክ መጥቶ በጊዜው የሚሄድ ነው፤ ዛሬ የጠፋው ይህ ልክና ይህ ጊዜ ነው።

በ1998 ዓ.ም. የደረሰው አደጋ ምን ነበር?

ያ ክረምት ለአገሪቱ በሙሉ ከባድ ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ፣ ተኝተው የነበሩ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገደለ። አገሩ ገና በዚያ ሐዘን ላይ እያለ፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ የኦሞ ዜና መጣ። ወንዙ ዳርቻውን ሰብሮ በደለል ደሴቶችና በሜዳው ላይ የነበሩትን የዳሰነች መንደሮች ዋጠ። በመንግሥት የተነገረው የሟቾች ቁጥር 364 ነበር፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ከብቶችም አልቀዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ውኃ በከበባቸው ከፍ ያሉ ቦታዎች ላይ ተቆርጠው ቀሩ፤ በጀልባና በሄሊኮፕተር ማውጣት ግድ ሆነ።

አሁን ቁጥሩን ከሕዝቡ ብዛት ጋር አስተያዩት። ከሃምሳ ሺሕ ካልሞላ ሕዝብ ውስጥ 364 ሰው ማለት ዘመድ ያልቀበረ ቤት ማግኘት ያስቸግራል ማለት ነው፤ ያውም ሬሳው ከተገኘ። ከብቱም ለሥጋና ለወተት ብቻ የሚቆጠር አይደለም። ጥሎሽ የሚሰጠው በከብት ነው፤ አባት ሴት ልጁን ለትዳርና ለመውለድ የሚመርቅበት «ዲሚ» የተሰኘው ትልቅ በዓልም ብዙ ከብት ይታረድበታል። መንጋው ያለቀበት ሰው ያጣው ሀብቱን ብቻ አይደለም፤ በማኅበረሰቡ ውስጥ የነበረውን ደረጃም አብሮ ያጣል። እህል ያለበት ጎተራ በውኃ ሲወሰድ ደግሞ የሚጠፋው የዓመቱ ምግብ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ጥቅምት የተቀመጠው ዘርም ነው።

የድሬዳዋው አደጋ በየዓመቱ ይዘከራል፣ ይጻፍበታል፤ በከተማዋም የመከላከያ ግንብ ተገንብቶለታል። የኦሞው ግን ቁጥሩ እንኳን ከብዙ ሰው አእምሮ ወጥቷል። ይህ የሆነው አንዱ ባቡር ጣቢያ ባለበት ከተማ፣ ሌላው መንገድ በሚያልቅበት በረሃ ስለደረሰ ይመስለኛል።

ሙላቱን የሚያውቁት ከሆነ ለምን ቀድመው አልሸሹም?

በትክክል ስለሚያውቁት ነው። በየዓመቱ የሚመጣና በየዓመቱ የሚመለስ ውኃ ሲነሳ ማንም ቤቱን ጥሎ አይሮጥም። ሰው ትንሽ ከፍ ወዳለ ቦታ ይወጣል፣ ይጠብቃል። በ1998 የመጣው ግን ልምድ ከሚያውቀው ልክ አለፈ፤ ሰዎቹ የተጠለሉባቸውን ጉብታዎች ራሳቸውን ከበባቸው። በደጋው የዘነበው ዝናብ እታች እስኪደርስ የሚያልፉ ቀናት አሉ፤ ሆኖም ከላይ ያየውን ለታችኛው የሚያደርስ፣ ይህ ነው የሚባል የማስጠንቀቂያ ሥርዓት በዚያ ጊዜ አልነበረም። ደጋ ላይ ያለው የዝናብ መለኪያ የሚያነበው ቁጥር ለኦሞራቴ እረኛ በቋንቋው ካልደረሰው የቢሮ ወረቀት ነው።

ታዲያ ለምን እዚያ ይኖራሉ? ከፍ ወዳለ ቦታ አይሄዱም?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከወቀሳ ጋር ስለሚመጣ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል።

የቱርካና ሐይቅ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የገባው ውኃ የሚጠፋው በትነት ብቻ ስለሆነ ከፍታው በየዘመኑ ይወጣል፣ ይወርዳል። የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት በ1890 ዓ.ም. እዚያ ደርሶ ባንዲራ በተከለበት ዘመን ሐይቁ ከፍተኛ ነበር፤ ዛሬ መንደር የሚባለው ብዙው መሬት ውኃ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ሐይቁ እየሸሸ፣ የኦሞ ደለል እየተከማቸ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር አዲስ ምድር ብቅ አለ። ሰው የሰፈረው እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ ነው። አያቱ ያላየውን መሬት የልጅ ልጅ አርሶበታል።

ያም ሆኖ ዳሰነች ወደዚያ የወረደው መሬቱ ስላማረው ብቻ አይደለም። ከኦሞ በስተ ምዕራብ፣ ኢሌሚ ትሪያንግል በሚባለው አወዛጋቢ ምድር፣ ሰፊ የግጦሽ ቦታ ነበረው። የኬንያ ቅኝ ገዢ አስተዳደር ከ1920ዎቹና 30ዎቹ ጀምሮ ባሳለፋቸው እገዳዎች ከዚያ ተገፋ። መንጋው በጠበበ መሬት ላይ ሲከማች ሳሩ አለቀ፤ ከብቱ የሳሳበት ሰው ወደ ወንዙ ዳር እርሻ፣ ከዚያም ወደ ደለሉ ደሴቶች ወረደ። ከፍ ያለው ቦታስ? ባዶ አይደለም። በአንድ ወገን ሐመር፣ በሌላው ኛንጋቶም፣ ከድንበሩ ማዶ ቱርካና አሉ፤ በግጦሽና በውኃ ምክንያት የፈሰሰው ደም ትንሽ አይደለም። «ለምን አይነሱም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የት ሄደው ከማን ጋር እንዲጋጩ እንደሚፈልግ አብሮ ቢነግረን መልካም ነበር።

ግልገል ጊቤ ሦስት ጎርፉን ያስቀረዋል ተብሎ አልነበረም?

ተብሎ ነበር። የግድቡ የግንባታ ውል የተፈረመው በዚያው በ1998 ክረምት ሲሆን፣ የኦሞው አደጋ ከዚያ በኋላ ለግድቡ አስፈላጊነት እንደ አንድ ማስረጃ ሲጠቀስ ቆይቷል። ግድቡ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ከ14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይይዛል። በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀመረ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ።

ውኃው መያዝ ሲጀምር የክረምቱ ሙላት ቀረ። መብራት ያገኘው ከተማ ደስ ብሎታል፤ ደስታውም ተገቢ ነው፣ አገር ያለ ኃይል አይለማም። እታች ግን ደለሉ አልመጣም፣ ማሽላው አልተዘራም፣ የግጦሹ ሜዳ ሳር አላበቀለም። ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የታቀደው በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ከግድቡ ሰው ሠራሽ ጎርፍ መልቀቅ ነበር። ወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ የወንዙን ዳር ሕዝብ እንደ ቀድሞው የሚያጠግብ መደበኛ ሙላት ሆኖ አልቀጠለም። በዚያው ዘመን የኩራዝ ስኳር ልማት ከወንዙ ውኃ መጥለፍ ጀምሮ ነበር። የቱርካና ሐይቅ ግድቡ መሞላት ከጀመረ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ወረደ፤ ዩኔስኮም በሰኔ 2010 ዓ.ም. የሐይቁን ብሔራዊ ፓርኮች አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባቸው።

የዚያን ጊዜ ፍርሃት ሐይቁ ይደርቃል የሚል ነበር።

ደረቀ?

አልደረቀም፤ የሆነው ተቃራኒው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ አፍሪካ በተደጋጋሚ የዘነበው ከባድ ዝናብ ወንዙን ሞላው፣ ሐይቁንም ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኤልኒኞ የሚባለው የአየር ክስተት ጨመረበት። ሐይቁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኢትዮጵያ ምድር ገፋ፤ የኦሞ ውኃም መግቢያው ሲሞላበት ወደ ኋላ እየተመለሰ በሜዳው ላይ ተኛ። ደሴቶቹ ጠፉ። ከወረዳው ቀበሌዎች አብዛኞቹ በውኃ ተጠቁ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ፣ ኦሞራቴ ከተማ ራሷ ለመዋጥ ተቃርባ በአፈር መከላከያ ስትታገል ከረመች።

በቀድሞውና በአሁኑ ሙላት መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። የድሮው ሳምንታት ቆይቶ ይሄዳል፣ ሲሄድም እርሻ ይተዋል። የአሁኑ ከዓመት ዓመት ይቆያል። መጥቶ የማይሄድ ውኃ ጎርፍ ከመሆን አልፎ የሐይቅ ዳርቻ ሆኗል፤ ሰው የሚጠብቀው መሸሹን ሲሆን፣ መሸሹ ደግሞ አልመጣም።

ስለዚህ ጥፋቱ የግድቡ ነው ወይስ የአየር ንብረት ለውጥ?

አንዱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ለክርክር ይመቻል፤ ለእውነቱ ግን አይመችም። ግድቡ የዝናቡን መጠን አይጨምርም፤ ሐይቁን ከፍ ያደረገው በዋናነት ከላይ የወረደው ዝናብ ነው። በግድቡ ያልተነኩ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም በዚያው ዘመን ሞልተዋል፤ የኬንያዎቹ ባሪንጎና ናይቫሻ ለዚህ ምስክር ናቸው። በሌላ በኩል ግድብ ወንዙ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ጊዜ ይለውጣል። ድሮ በበጋ እጅግ ይቀንስ የነበረው ወንዝ ዛሬ ተርባይን ለማዞር ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል። የውኃ ማጠራቀሚያው በሞላ ዓመት ደግሞ ትርፉን መልቀቅ ግድ ነው፤ መቼና ምን ያህል እንደሚለቀቅ መወሰን የሰው ሥራ ነው። ደጋው ሲራቆትም የሚታጠበው አፈር ወንዙን ይደለድለዋል፣ የወንዙ ሆድ ሲደለደል ጥቂት ውኃም ዳር ያልፋል።

የዳሰነች አርብቶ አደር ከእነዚህ አንዱንም አልወሰነም። ደኑን አልጨፈጨፈም፣ የከሰል ድንጋይ አላነደደም፣ የግድቡን በር የሚከፍተውም እሱ አይደለም።

የቱርካና ሐይቅ የኬንያ አይደለም እንዴ?

አብዛኛው በኬንያ ነው። ሰሜናዊ ጫፉና የኦሞ መግቢያ ግን በኢትዮጵያ ነው፤ ከሐይቁ ውኃ 90 በመቶ ያህሉም የሚመጣው ከኦሞ ነው።

ድርቅ ነበር ሲባል ጎርፍ ነው ይባላል። የትኛው ነው እውነቱ?

ሁለቱም፣ በአንድ ጊዜ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የደቡቡ ቆላ ከቦረና ጋር ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉበት፣ ዳሰነች በአንድ ወገን ግጦሹ በውኃ ተይዞበት፣ በሌላው ወገን ሳሩ ደርቆበት ነበር። ከብቱ ውኃ እያየ በረሃብ ሞተ። ለዕርዳታ ሰጪ ይህ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ የድርቅ ሰነድ አንድ ቢሮ፣ የጎርፍ ሰነድ ሌላ ቢሮ ነውና። በዚህ ላይ ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾህ አለ፤ ከወንዙ ዳር ጀምሮ እየተስፋፋ ከብት ሊገባበት የማይችል ጥቅጥቅ አጥር ሠርቷል። ከውኃም ከድርቅም የተረፈውን ሜዳ እየበላ ያለው እሱ ነው።

በጎርፉ የበለጠ የሚጎዳው ማን ነው?

ከብት የሌለው ሰው። ዳሰነች መንጋቸው አልቆ በዓሣ ማጥመድ የሚኖሩትን «ዲየስ» ይላቸዋል፤ ድሃ እንደ ማለት ነው። እነሱ ከውኃው የሚርቁበት አቅም ስለሌላቸው ሙላቱ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ከዚህ የሚብሰው ጎርፉ ራሱ ዲየስን ማብዛቱ ነው፦ ትናንት ሃምሳ ከብት የነበረው ዛሬ መረብ ይዞ ጀልባ ላይ ይወጣል፣ ሐይቁ ላይም አዞና ድንበር ተሻጋሪ ግጭት ይጠብቀዋል።

ሴቶችም የተለየ ሸክም አለባቸው። በዳሰነች ቤት የምትሠራው ሴት ናት፤ ቅርንጫፍ አጉብጣ፣ ቆዳና ቆርቆሮ አልብሳ ጎጆውን ታቆማለች። ቤቱ ለሚንቀሳቀስ ኑሮ የተሠራ ስለሆነ ነቅሎ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅላ የምትተክለው፣ ሕፃን አዝላ በውኃ ውስጥ የምታሻግረውም እሷው ናት። ከተፈናቀሉ በኋላ ደግሞ ወባና ተቅማጥ ይመጣሉ፤ የተኛ ውኃ ያለበት ቦታ ከሁለቱም አያመልጥም።

መንግሥት ምን እየሠራ ነው? በቂ ነው?

ኦሞራቴን ለማዳን የአፈር መከላከያ ተሠርቷል፣ ሕዝቡም ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንዲወጣና በጊዜያዊ መጠለያ እንዲሰፍር ተደርጓል፤ የምግብ ዕርዳታም ይላካል። መከላከያው ከተማዋን ጊዜ ገዝቶላታል፤ ለሜዳው የሚያደርገው ነገር ግን የለም። ይህ መናቅ አይደለም፣ በሰፊ ሜዳ ላይ የሚተኛን ሐይቅ በአፈር ክምር ማጠር አይቻልምና።

መደረግ የሚችለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው የግድቡ ውኃ አለቃቀቅ ቀድሞ ለወረዳው እንዲነገር፣ ከወረዳው እስከ እረኛው በዳሰነች ቋንቋ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ርካሹም ይህ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ የሚሰፍርበትን ከፍተኛ መሬት ከሐመርና ከኛንጋቶም ሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ መወሰን ነው፤ በካርታ ላይ ብቻ የተመረጠ ቦታ ነገ የግጭት ሜዳ ይሆናል። ሦስተኛው ውኃውን እንደ ውኃ መቀበል ነው። ሐይቁ ለዓመታት የሚቆይ ከሆነ ለሕዝቡ የሚያስፈልገው ጥሩ ጀልባ፣ መረብ፣ ዓሣውን ወደ ገበያ የሚያደርስ በረዶና መንገድ፣ ከዳርቻውም በፓምፕ የሚጠጣ አነስተኛ እርሻ ነው። ለትልልቅ እርሻዎች የተሳበው ውኃ ለትንሹ ማሽላ የማይሳብበት ምክንያት አይታየኝም።

መርዳት የሚፈልግ ሰው ምን ቢልክ ይሻላል?

ልብስ አይላኩ። ከዱቄትና ከዘይት ቀጥሎ የሚፈለጉት የወባ አጎበር፣ የውኃ ማከሚያ፣ ሸራ፣ የዓሣ ማስገሪያ መረብና የእንስሳት መድኃኒት ናቸው። ድርቆሽ ደግሞ የሚረሳ ነው፤ ሰው ምግብ ደርሶት ከብቱ ካለቀበት በሚቀጥለው ዓመትም ተረጂ ነው። የዘር እህል ካሰቡ ውኃው ከመሬት ላይ መነሳቱን በስልክ ለወረዳው እርሻ ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ይላኩ፤ በውኃ ውስጥ ላለ ማሳ የተላከ ማሽላ ተፈጭቶ ይበላል።